ከግቢ ጀርባ ያሉትን ባሕር ዛፎች ራሴ በቼይንሶ ልጣላቸው?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ በኩል የሚኖር አንድ ወንድማችን ከግቢው ጀርባ አምስት ባሕር ዛፎች አሉት። ቁመታቸው 20 ሜትር ያህል፣ ውፍረታቸው 40 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ሦስቱ በባዶው ሜዳ በኩል ናቸው። አራተኛው ወደ ጎረቤት ቆርቆሮ ጣሪያ ዘሟል። አምስተኛው የመብራት ሽቦ ሥር ቆሟል። ከአጎቱ ቼይንሶ ተውሷል፤ ባሩ፣ ማለትም ሰንሰለቱ የሚዞርበት ብረት፣ 45 ሴንቲ ነው። «ቆራጮቹ የጠሩት ዋጋ አይቀመስም፤ ራሴ ብጥላቸውስ? ቅርንጫፉንስ እንዴት ልመልምል?» ይላል።

ወንድሜ፣ ሁለቱን አትንካ። ሦስቱን፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው አጠገብህ ካቆምክ መጣል ትችላለህ። ብቻህን ግን አንዱንም ቢሆን አትጀምር።

ከአራተኛው ልነሳ። ያን ቁመትና ውፍረት ያለው እርጥብ ባሕር ዛፍ አሥር ኩንታል ቢመዝን አይገርምም። የሰፈሩን ዘዴ ሁላችንም እናውቀዋለን። ጫፉ ላይ ገመድ ይታሰራል፣ አራት ጎረምሶች ይጎትታሉ፣ አንዱ ከሥር ይቆርጣል። ቀጥ ብሎ ለቆመ ዛፍ ገመዱ ያግዛል። የዘመመውን ግን አራት ጎረምሳ ከዘመመበት አይመልሰውም። እጃቸው ዛለ ማለት ጣሪያው ሄደ ማለት ነው። ደግሞስ የት ነው የቆሙት? ዛፉ እንዲወድቅ በተፈለገበት በኩል። ገመዱ ከዛፉ ቁመት ካጠረ፣ ዕቅዱ ቢሳካም በላያቸው ላይ ነው የሚመጣው። እንዲህ ያለ ዛፍ ከላይ ወደ ታች በቁራጭ በቁራጭ ነው የሚወርደው። የመውጫ ቀበቶና የራሱ ገመድ ያለው፣ ሥራውን የለመደ ሰው ይፈልጋል። ብርህን ለእሱ አውጣ።

አምስተኛው ያንተ ሥራ አይደለም። ኤሌክትሪክ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ሄደህ አመልክት። በየመንገዱ የሚያልፈው መካከለኛ መስመር 15 ሺህ ወይም 33 ሺህ ቮልት ነው። እርጥብ ዛፍ ሽቦውን ሲነካ ኤሌክትሪኩ በግንዱ ወርዶ አንተ ዘንድ ይደርሳል። «ቆጣሪ አጥፍቻለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። ቆጣሪህ የቤትህን እንጂ የመንገዱን ሽቦ አያጠፋም።

ሌላም ነገር ልጨምር፤ ይህን ሲያነቡ ሌሎች ዛፎቻቸውን ማየታቸው ስለማይቀር። ባሕር ዛፍ የተከለ ሰው አስቦበት ለመቁረጥ ነው የተከለው። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጽድና ኮሶ ግን በደን ሕጋችን ጥበቃ ሲደረግላቸው የኖሩ ዛፎች ናቸው። ጅማ ዋንዛ በየግቢው ስላለ፣ በርጩማውም ከእሱ ስለሚሠራ፣ እንደፈለጉ የሚቆርጡት ይመስላል። አይደለም። መጀመሪያ ቀበሌህንና የወረዳውን ባለሙያ ጠይቅ።

አሁን ወደ ሦስቱ።

ሞተሩን ከመቀስቀስህ በፊት ቀና በል። ብዙ ሰው የሚያየው ሥሩን ነው። የሚገድለው ግን ብዙ ጊዜ ከላይ ያለው ነው። ባሕር ዛፍ ላይ የደረቀ ቅርንጫፍ ሳይወድቅ ተንጠልጥሎ ሊቆይ ይችላል። ግንዱ በመጋዙ ሲርገበገብ ያ ቅርንጫፍ ይለቃል። ረጅም የተላጠ ልጡም ከጎን ዛፍ ጋር ተጠላልፎ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ካየህ ከሥሩ አትቁም።

ከዚያ ዝንባሌውን ለካ። የግንበኛ ቱንቢ ካለህ ጥሩ፤ ከሌለህ ቁልፍ በሲባጎ አንጠልጥል። ራቅ ብለህ ቁም፣ ሲባጎውን ከግንዱ ጋር አስተያይ። ከዚያ በጎን በኩል ዞረህ ድገመው። ከአንድ ወገን ብቻ ሲያዩት ቀጥ ያለ የመሰለ ዛፍ ከጎኑ ሲታይ ዘሞ ይገኛል። የቅርንጫፉንም ክብደት አትርሳ፤ ግንዱ ቀጥ ብሎ ቅርንጫፉ ሁሉ በአንድ ወገን ከሆነ ዛፉ ወደዚያው ነው የሚያደላው።

አንድ ነገር በተለይ አጣራ። ዛፎቹ ከድሮ ጉቶ የበቀሉ ናቸው? የአገራችን ባሕር ዛፍ ተቆርጦ እንደገና ያቆጠቆጠ ስለሚበዛ እንዲህ መሆኑ የተለመደ ነው። ከጉቶ የወጣ ግንድ ሥሩ ላይ ወደ ውጭ ጎበጥ ይልና ከዚያ ቀጥ ይላል። ከጉቶው ጋር የተያያዘበት ቦታ ውስጡ የበሰበሰ ሊሆን ይችላል። በመጥረቢያ ጀርባ መታ መታ አድርገው። ደንደን ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው። ባዶ ቤት ሲንኳኳ የሚመስል ድምፅ ከሰጠ ለባለሙያው ተወው።

ሰው የሚርቅበት ልክ የዛፉ ቁመት እጥፍ ነው። ላንተ 40 ሜትር ማለት ነው። የቼይንሶ ድምፅ የሰፈር ልጆችን እንደሚጠራ ታውቃለህ። ስለዚህ አንድ ትልቅ ሰው ሥራው ልጆቹን መጠበቅ ብቻ ይሁን። ቁመቱን በእንጨት መለካት ትችላለህ። ከዓይንህ እስከ ጡጫህ ያለውን ርቀት የሚያህል ዱላ ቁረጥ። ክንድህን ዘርግተህ ዱላውን ከጡጫህ በላይ ቀጥ አድርገህ ያዘው። የዛፉ ጫፍ ከዱላው ጫፍ፣ የዛፉ ሥር ከጡጫህ ጋር እስኪገጥም ወደ ኋላ ሂድ። መሬቱ ሜዳ ከሆነ፣ የቆምክበት ቦታ ጫፉ የሚያርፍበት አካባቢ ነው።

መሸሻህንም አሁኑኑ ጥረግ። ዛፉ ከሚወድቅበት በተቃራኒ፣ ወደ ኋላ በሰያፍ፣ ግራና ቀኝ ሁለት መንገድ። በቀጥታ ወደ ኋላ አትሽሽ። ግንዱ ሲወድቅ ከጉቶው ዘሎ ወደ ኋላ የሚመጣበት ጊዜ አለ። የቡና ችግኝ፣ ድንጋይ፣ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ ሁሉም ከመንገድህ ይነሳ። በክረምት የጅማ ጭቃ ለሚሮጥ ሰው አይመችም። ለዚህ ሥራ ታኅሣሥና ጥር ይሻላሉ፤ ሰዓቱም ነፋስ ሳይነሳ ጠዋት ይሁን።

የዚህ ሥራ ቁም ነገር ማጠፊያው ነው። ዛፍ የሚወድቀው ስለተቆረጠ ብቻ አይደለም። ሳይቆረጥ በቀረው ቀጭን እንጨት ላይ፣ በር በማጠፊያው እንደሚዞር፣ ዞሮ ነው የሚወድቀው። ያ እንጨት ካለ ዛፉ አንተ ወዳልከው ይሄዳል። ያን እንጨት ቆርጠህ ካለፍክ ዛፉ የራሱ ጌታ ሆነ። ገመድም ጉልበትም ከዚያ በኋላ አያድንም።

እንዲህ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ዛፉ በሚወድቅበት በኩል «አፍ» ትከፍታለህ። ከላይ በሰያፍ ወደ ታች ቁረጥ፣ ከዚያ ከታች በአግድም ቁረጥና ሽብልቅ የሚመስለውን እንጨት አውጣ። ጥልቀቱ ከውፍረቱ ከአምስት አንድ እስከ ከአራት አንድ ነው፤ ለ40 ሴንቲ ዛፍ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ይሆናል። አፉ ሰፋ ይበል። ቢያንስ 45 ዲግሪ፣ ወደ 70 ቢጠጋ ደግሞ ይመረጣል። ምክንያት አለው። ዛፉ እያዘመመ ሲሄድ አፉ ይዘጋል። አፉ ሲዘጋ ማጠፊያው ይሰበራል። ጠባብ አፍ ዛፉ ገና አየር ላይ እያለ ስለሚዘጋ መሪ ያጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚንቃት ነገር አለች። ሁለቱ ቁርጦች አንድ መስመር ላይ መገናኘት አለባቸው። አንዱ ሁለት ሴንቲ አልፎ ከገባ ውስጥ ቀጭን ስንጥቅ ይቀራል። ያ ስንጥቅ ከአፉ ቀድሞ ይዘጋና ማጠፊያውን ያለጊዜው ይሰብረዋል። ወይም ግንዱን ይሰነጥቀዋል። አፉን ስትጨርስ ጎንበስ በልና ጥጉን በጣትህ ዳብሰው። ያለፈ ቁርጥ ካለ አፉን ጥቂት አጥልቀህ አስተካክል።

ቀጥሎ የኋላው ቁርጥ። ከአፉ ወለል 3 ሴንቲ ያህል ከፍ ብለህ፣ አግድም፣ ከኋላ ወደ አፉ ቁረጥ። ማጠፊያው የውፍረቱ አንድ አሥረኛ ነው፤ ላንተ 4 ሴንቲ። ግራና ቀኙ እኩል ይሁን። አንዱ ጎን ከቀጠነ ዛፉ ወደ ወፍራሙ ጎን ይጎተታል። እኔ ሳሠለጥን 4 ሴንቲዋን ቀድሜ በጠመኔ ግንዱ ላይ አስምራለሁ። ሞተር እየጮኸ፣ ሰጋቱራ ዓይንህ ላይ እየበረረ በግምት 4 ሴንቲ መለየት ከባድ ነው።

መጋዙ ግማሽ ያህል ሲገባ ከኋላው ሽብልቅ ምታበት። የፕላስቲክ ካላገኘህ ከደረቀ ወይራ አሠራ። የብረት ሽብልቅ አልመክርም፤ ሰንሰለቱ ከነካው ጥርሱ ይረግፋል። ሽብልቁ ዛፉ ወደ ኋላ ተቀምጦ ባሩን እንዳይነክስብህ ይከላከላል። 4 ሴንቲዋ ስትደርስ መቁረጥህን አቁም። ቀሪውን ሽብልቁ ይጨርሰው። ዛፉ ሲንቀሳቀስ የሰንሰለቱን ፍሬን ያዝና በሰያፉ መንገድህ ሂድ። መጋዙ ከተነከሰ እዚያው ተወው። ቼይንሶ ይገዛል። ስትሸሽ ዓይንህ ወደ ላይ ይሁን። ዛፉ ከወደቀም በኋላ ከሌላ ዛፍ ላይ የተሰበረ ቅርንጫፍ እየወረደ ሊሆን ስለሚችል ለመመለስ አትቸኩል።

ከሦስቱ አንዱ ወደ ሜዳው አጥብቆ የዘመመ ከሆነ «ይሄማ ቀላል ነው፣ ወደምንፈልገው ነው» ትል ይሆናል። እኔ የምፈራው እሱን ነው። የዘመመ ዛፍ ጀርባው ተወጥሯል። ከኋላ ስትቆርጠው፣ ማጠፊያው ጋ ሳትደርስ፣ ግንዱ ከታች ወደ ላይ ለሁለት ይሰነጠቃል። የኋላው ግማሽ እንደ ተለቀቀ ወደ ሰውየው ይወረወራል። ባሕር ዛፍ በተፈጥሮው የመሰንጠቅ ጠባይ ያለው እንጨት በመሆኑ ይህ አደጋ ይብስበታል። ለዚህ የተለየ አቆራረጥ አለው። ባሩን ከጎን አስገብቶ መሐሉን መብሳት፣ ማጠፊያውን ማስተካከል፣ ከኋላ ጥቂት እንጨት ይዞ መቆየት፣ በመጨረሻ ያቺን መልቀቅ። ከጽሑፍ ግን አይለመድም። በባሩ አፍንጫ፣ ማለትም በጫፉ፣ መብሳት መጋዙ ወደ ሰው የሚዘልበት አንዱ መንገድ ነው። የሚያውቅ ሰው እጅህን ይዞ ያሳይህ።

ዛፉ ሌላ ዛፍ ላይ ቢንጠለጠልስ? ከሥሩ አትሂድ፣ አትውጣበት፣ የደገፈውንም ዛፍ አትቁረጥ። በረጅም ገመድ ሥሩን ወደ ኋላ መጎተት ነው። ካልሆነ አካባቢውን ከልለህ የሚያውቅ ሰው ጥራ።

እንግዲህ ዛፉ መሬት ላይ ነው። ሰው ሁሉ «ተገላገልን» ይላል። መመልመሉ የሴትና የሕፃን ሥራ የሚመስለው ብዙ ነው፤ የእግር ቁስሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። የወደቀ ዛፍ መሬት ላይ አይተኛም። በራሱ ቅርንጫፎች ላይ ነው የሚቀመጠው። ከሥሩ ያሉት አሥር ኩንታሉን ተሸክመው ጎብጠዋል። አንዱን ስትቆርጥ ወይ ቅርንጫፉ ይመታሃል፣ ወይ ግንዱ ተንከባሎ እግርህ ላይ ይወጣል።

ከሥሩ ጀምረህ ወደ ጫፉ ሂድ። ከግንዱ በስተግራ ቁም፣ መጋዙን ግንዱ ላይ አስደግፈህ ከወዲያ ያሉትን ቁረጥ። እንዲህ ሲሆን በአንተና በሰንሰለቱ መካከል ግንዱ አለ። በአንተ በኩል ያለውን ስትቆርጥ እግርህ ወደ ኋላ ይሁን፤ እየተራመድክ አትቁረጥ። ግንዱን የተሸከሙትን የሥር ቅርንጫፎች ለመጨረሻ አቆያቸው። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ሁልጊዜ ከላይ በኩል ቁም።

የጎበጠ ቅርንጫፍ ስታገኝ ቆም ብለህ እየው። አንድ ጎኑ ተወጥሯል፤ የጎበጠበት የውጪው ጎን ነው። ሌላው ተጨምቋል፤ እሱ የውስጡ ነው። መጀመሪያ የተጨመቀውን ጎን ጥቂት፣ እስከ ሲሶው ድረስ፣ ቁረጥ። ከዚያ የተወጠረውን ጎን ቀስ እያልክ ልቀቀው። ከተወጠረው ከጀመርክ በአንዴ ይፈነዳል። አንተም ሊሄድበት ከሚችለው አቅጣጫ ገለል ብለህ ቁም። ክንድ የሚያህል እንጨት እንደ ቀስት ተወጥሮ ሲለቀቅ ጥርስም ዓይንም አይምርም።

ግንዱን ስትቆራርጥም ሕጉ ያው ነው። ሁለቱም ጫፍ ላይ ከተደገፈ ላዩ ተጨምቋል፤ ከላይ ሲሶውን ቆርጠህ ከሥር ጨርስ። አንዱ ጫፍ አየር ላይ ከሆነ ሥሩ ተጨምቋል፤ ከሥር ጀምረህ ከላይ ጨርስ። ባሩ ከተነከሰ ሞተሩን አጥፋ። ከዚያ ግንዱን በእንጨት ከፍ አድርገህ አውጣው።

መጋዙ ወደ ላይና ወደ ቆራጩ የሚዘለው የባሩ አፍንጫ ላይኛው ሩብ የሆነ ነገር ሲነካ ነው። ስትመለምል ከኋላ የተደበቀ ቅርንጫፍ እዚያ ቦታ ሲገጥመው ያንን የሚያህል ፍጥነት አይታይም። ስለዚህ የአፍንጫው ጫፍ የት እንዳለ ሁልጊዜ እወቅ። በግራ እጅህ የፊቱን እጀታ ስትይዝ አውራ ጣትህ ይዙርበት። ከትከሻ በላይ አትቁረጥ። መሰላል ላይ ደግሞ በጭራሽ።

ስለ ማሽኑ ጥቂት። የአጎትህ ስለሆነ ፍሬኑ መሥራቱን ሳታይ አትነሳ። ሞተሩን ስትቀሰቅስ መሬት ላይ አስቀምጥ፣ እግርህን የኋላ እጀታው ውስጥ አግባ፣ ፍሬኑ ተይዞ ይሁን። አንጠልጥሎ እየወረወሩ መጎተት የጎበዝ ምልክት ሆኗል፤ ጉብዝና ግን አይደለም። ሞተሩ ቱ ስትሮክ ስለሆነ ቤንዚኑ ዘይት ይቀላቀልበታል። ጥሩ የቱ ስትሮክ ዘይት ከሆነና የማሽኑ መመሪያ 50 ለ1 ካለ፣ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ነው። ለሰንሰለቱ ከጋራዥ የተለመነ የተቃጠለ ዘይት አትጨምር። ውስጡ የብረት ብናኝ ስላለበት ፓምፑንም ባሩንም ይጨርሳል። ዘይቱ መድረሱን ለማየት አፍንጫውን ንጹሕ እንጨት አጠገብ ይዘህ ነዳጅ ስጠው፤ የዘይት ሰረዝ መውጣት አለበት።

የተሳለ ሰንሰለት ቁርጥራጭ ይተፋል፤ የደነዘ ዱቄት ያወጣል። ዱቄት ካየህ ቁጭ ብለህ ሞርድ። በደነዘ መጋዝ የሚገፋ ሰው ሚዛኑን ይስታል።

ልብስህ፣ ሄልሜት፣ የፊት መረብ፣ የጆሮ መከላከያ፣ ብረት አፍ ያለው ጫማ ይሁን። ለቼይንሶ የተሠራው ሱሪም አለ፤ ውስጡ ያሉት ረጃጅም ክሮች ሰንሰለቱ ሲነካቸው ተጠቅልለው ያቆሙታል። ጅማ ውስጥ ማግኘቱ ሊያስቸግር ስለሚችል ከአዲስ አበባ አስመጣ። ነጠላ ጫማ አድርገው ሲቆርጡ አያለሁ። ወፍራም ጨርቅና ደም የሚያቆም ማሰሪያ ኪስህ ውስጥ ይኑር። የባጃጅ ሹፌሩ ስልክም አብሮህ ላለው ሰው ይሰጠው።

ጉቶውን በተመለከተ፣ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ከፈለግህ ከመሬት 10 ሴንቲ ያህል ከፍ አድርገህ፣ ልጡን ሳትገነጥል፣ ውኃ እንዳያቁር ትንሽ ሰያፍ አድርገህ አስተካክለው። እንጨቱን ለግንባታ ካሰብከው በዚያው ሳምንት ላጠው። ከደረቀ በኋላ ልጡ በእጅ አይወጣም። የመጀመሪያውን ስትጥል ከሦስቱ ቀጥ ያለውንና ከጎረቤት በጣም የራቀውን ምረጥ። ሁለተኛውን ከመጀመርህ በፊት የመጀመሪያውን መልምለህ ከመሸሻህ ላይ አንሳ።